የነቀርሳው አውጫጭኝ

ቢያድግልኝ ሞተ ሲሉኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ማን ገደለው?» የሚል ነበር። መርዶውን ያመጣልኝ የእንጅባራ ሰው ግራ ተጋብቶ አየኝና «ኧረ ማንም አልነካው፤ አልጋው ላይ ተኝቶ ነው፤ ቄሱም ደርሰውለታል» አለኝ። ለጊዜው ማመን አቃተኝ። ያን ሰው ባወቅሁበት ዘመን ሁሉ ወይ ሊገድል ሲሄድ ወይ ሊገደል ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይቼው አላውቅም።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ደጋግ ሰዎች አጋጥመውኛል። እውነቱን ለመናገር ደጋጎቹን ረስቻቸዋለሁ። የማልረሳው ይህን ቁጡ፣ ይህን ነገረኛ፣ ይህን ዱለኛ ሰው ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ግን ዝግ ያለ ነበር። ግራ ጆሮው የለም። በጊዮርጊስ በዓል ጉግስ ሲጫወቱ አንድ ፈረሰኛ የወረወረው ዘንግ ይዞበት ሄደ ይባላል። ወርዋሪውን ምን እንዳደረገው ብጠይቀው «ጨዋታ ነበር፤ እኔም ተጫወትሁ» አለኝ። ጫካ ገብቶ ሸፍቶ ነበር፣ በምሕረት ተመልሷል። ስለ ጆሮው የሚያሾፍ ሲመጣ «አንዱ ጆሮ ለቁም ነገር ይበቃል፤ ሁለተኛው ለሐሜት ነበር» ይል ነበር።

የተዋወቅነው በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔ የዳንግላ ክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ሳለሁ ነው። ትውልዴ ከወደ ደብረ ማርቆስ ስለሆነ አገውኛ አልሰማም፤ ሕመምተኛው ግን ግማሹ አማርኛ አይሰማም። በምልክትና በግምት ነበር የምንሠራው። አንድ ጧት አራት ሰዎች በቃሬዛ ሴት ተሸክመው ገቡ። ከኋላቸው ቢያድግልኝ ምንሽር ጠመንጃውን እንደያዘ ገባና አፈሙዙን ደረቴ ላይ አሳረፈው።

«ይችን ሴት አድን» አለኝ። «ከሞተች ሁለታችሁም አንድ ጉድጓድ ነው የምትገቡት።»

ጋቢውን ገለጥሁ። ሴትዮዋ ሚስቱ የሻረግ ነበረች። ቀኝ ጡቷ የነበረበት ቦታ ጡት አልነበረም፤ ፈንድቶ፣ ጠቁሮ፣ ብብቷ ድረስ ጓጉሏል። ቀልቤን ሰብስቤ «ይህ ነቀርሳ ነው፤ ዘግይቷል፤ እኔ ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት የለኝም» አልሁት። ጣቱ ወደ ምላጩ ሲሄድ አየሁት። ያኔ የሻረግ ዓይኗን ገለጠች።

«ቢያድግልኝ፣ አፈሙዙን አንሣ» አለችው። «የሚያክመኝን ሰው ገድለህ በማን ልታሳክመኝ ነው?»

አነሣው። ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ ተቆጥቶ አይቸዋለሁ፤ በአንድ ቃል የሚመልሰው ሰው ግን አላየሁም፤ ያች ሴት ሳምንት ሳይሞላት አርፋለችና።

ተዝካሯን አውጥቶ ተመለሰ። በሩን ለማንኳኳት ዐቅም አልቸገረውም፤ ለመክፈት ግን ትዕግሥት አጣ መሰለኝ፣ ከነማጠፊያው ነቅሎ ነው የገባው። የሽሮፕ ጠርሙሶቹን በሽመል ጠራርጎ መሬት ላይ ጣላቸው። ዘበኛችን በመስኮት ዘሎ ወጣ፤ ያ ዘበኛ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

«ገዳይዋን ንገረኝ» አለኝ።

«ነግሬሃለሁ እኮ። ነቀርሳ ነው።»

«የማን ልጅ ነው?»

«ሰው አይደለም።»

«ሰው ካልሆነ አገሩ የት ነው? የየሻረግን እናትም ይኸው ነው የበላት። አክስቷንም። አንድን ቤት እየለየ የሚገድል ነገር ቤቱን የሚያውቅ ነው። ማን ነው የሚያውቀው?»

«ገና ማንም አያውቀውም» አልሁት። «የሚፈልጉት ሰዎች ግን አሉ።»

ይህን ሲሰማ እስክስታ እንደሚወርድ ሰው ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እያለቀሰ ነበር። ከዚያ የነቀለውን በር አነሣና መጠገን ጀመረ። በሩን ጠግኖ ሲጨርስ አልሄደም። በዚያው የክሊኒኩ ዘበኛም አስተርጓሚዬም ሆኖ ቀረ።

ፈላጊዎቹም እውነትም መጡ። አንድ ጢማም ፈረንጅ ሐኪም ላንድሮቨር እየነዳ ከትልቁ ሆስፒታል ወረደ። ባሕር ማዶ ያሉ በጎ አድራጊዎች ነቀርሳን ለሚመረምር ሥራ ርዳታ ሰጥተዋል፤ መኪናው የእነሱ ነው፤ ማጉያ መነጽሩም፣ ባለሙያውም በእነሱ ርዳታ ነው። ግን ርዳታው ቅድመ ሁኔታ አለው። አንድ ክሊኒክ ብቻውን ምንም አይሰጠውም። ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ጥሊሊ፣ አዲስ ቅዳም፣ ሌሎቹም ጣቢያዎች አንድ ላይ ሆነው፣ ከየሕመምተኛው እባጭ ትንሽ ቁራጭ እየወሰዱ፣ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፎርማሊን ባለበት ብልቃጥ እያደረጉ መላክ አለባቸው። የት አገር ምን ዓይነት ነቀርሳ እንደሚበዛ የሚታወቀው ሁሉም ሲተባበር ነው። አንዱ ከቀረ ሁሉም ይቀርበታል። ሐኪሙ ኪሱ ሁሉ ብልቃጥ ስለነበረ ሕዝቡ ወዲያው አባ ጠርሙስ አለው።

ብልቃጡ መጣ፤ ቁራጭ የሚሰጥ ግን ጠፋ። ሰዉ ሥጋዬ ሳይጎድል ልቀበር ይላል። ከዚያም ብሶ አንዱ ቀልደኛ «ፈረንጅ የሐበሻ ቁርጥ አማረው» ብሎ አወራና ገበያው ሁሉ ያንኑ ተቀባበለው። አባ ጠርሙስ እንዲህ ከሆነ ርዳታው ወደ ሌላ አገር ይዞራል ብሎ ተከዘ።

ነገሩን የፈታው ቢያድግልኝ ነው። አንድ እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ደጀ ሰላም ሲሰበሰብ ድንጋይ ላይ ቆመ።

«ስሙ» አለ። «ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ ምን እናደርጋለን? አውጫጭኝ እንቀመጣለን። ወንድ የተባለ አንድ አጥር ውስጥ ይታጎራል። ወፍ ነገረችን ብለው ስም እስኪያወጡ ማንም ቤቱ አይሄድም። ይህ ሰው ያመጣው አውጫጭኝ ነው። ነቀርሳ የሚባል ገዳይ አለ። ዳንግላ ለብቻው ቢቀመጥ ገዳዩ እንጅባራ ይሸሻል፤ እንጅባራ ቢቀመጥ ጥሊሊ ይሸሻል። ስለዚህ አገር በሙሉ እንቀመጥ ነው የሚለው። ቁራጯ ምንድር ናት? የሟች ደም የነካው ልብስ ናት። ደም ያለበትን ልብስ ሳያይ የሚፈርድ ዳኛ አለ?»

በአማርኛ ተናግሮ በአገውኛ ደገመው። የአማርኛውን ሰምቼ እኔው ራሴ ቁራጭ ልሰጥ ምንም አልቀረኝ። አባ ጠርሙስ ሲተረጎምለት በደስታ ቃሉን እንዲያስተምሩት ለመነ፤ ከዚያ ወዲህ ከሰላምታው ጋር ሁሉ «አውጫጭኝ» ይል ነበር። ሕመምተኛ መምጣት ጀመረ። ቢያድግልኝ በዳማ ፈረሱ ሳጥን ጭኖ ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ ብልቃጥ ይሰበስባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው እያልሁ እኔም እኩራራለሁ።

ግን የሰውዬው ጠባይ መቼ ለቀቀው? ጥሊሊ ላይ አንድ ባል ሚስቱ አንገቷ ላይ እባጭ ወጥቶባት ሳለ ከቤት አላስወጣም አለ። ቢያድግልኝ ሰውዬውን ከጎተራው ሥር ጎትቶ አውጥቶ በሽመል ጎድኑን ሰበረው፤ ሴትዮዋን ፈረሱ ላይ አስቀምጦ አመጣት። በኋላም ባልየውን በቃሬዛ አስመጣው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝቼ አከምሁ። «በግድ የሚታከም ሰው የለም» ብዬ ስጮህበት «በግድ የሚሞት ግን አለ» አለኝ። የጎድኑን ስብራት ግን ይቅር አላልሁትም፤ ሰውዬው ክረምቱን ሙሉ ሲያስል ሰምቸዋለሁ።

ከሁሉም ቀድሞ በፈቃዱ ቁራጭ የሰጠው አቶ ታከለ የሚባል የአዲስ ቅዳም ገበሬ ነበር። ልጁ አንጓች መንጋጋዋ አብጦ አንድ ዓይኗን ደፍኖት ነበር። «የልጄን ቁስል ለዳኛ ላሳይ» ብሎ ራሱ ይዟት መጣ። ቆረጥሁላት፣ ብልቃጥ ውስጥ አደረግሁት፣ ቢያድግልኝ ይዞት ሄደ። ልጅቷ ሞተች። ታከለ ለቅሶው ላይ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ገዳዩ መቼ ነው የሚወጣው?» ቢያድግልኝም «ይወጣል» አለው።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የዚያ ቃል መዘዝ በኋላ ነው የታየን። አውጫጭኝ ማለት ለዚያ አገር ሰው ነገር አሳምሮ መናገሪያ አልነበረም። ተቀመጥን ካሉ ስም መውጣት አለበት፤ የሚወጣውም የሰው ስም ነው። ወራት አለፉ፣ ሌሎችም ሞቱ፣ ስም ግን አልወጣም። ሰዉ ጠበቀ፣ ጠበቀና ትዕግሥቱ ሲያልቅ ነገሩን ራሱ ጨረሰው።

አንድ ቅዳሜ እኔና ቢያድግልኝ ብልቃጥ ልንሰበስብ አዲስ ቅዳም ስንገባ ገበያው ባዶ ነበር። ሻጭም ገዥም ተነሥቶ ወደ አንድ የቀርከሃ አጥር ጎርፏል። ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል። ጠጋ ስንል ድንቄ የምትባለውን ሸክላ ሠሪ እግሯን በጠፍር አስረው መሬት ለመሬት ይጎትቷታል። ከጀርባዋ ቆዳ ተገፎ ቀሚሷ ላይ ተለጥፏል። ለገበያ ያመጣቻቸውን ጋኖችና እንስራዎች ሰባብረው በስባሪው ይወግሯታል። አንዱ ስባሪ ግንባሯን ከፍቶት ደሙ ዓይኗን ሞልቶታል።

«ምን አደረገች?» አልሁ አንዱን ይዤ።

«ወፍ ነገረችን» አለኝ። «የአንጓችን መንጋጋ የበላች እሷ ናት። ሌሎቹንም። አውጫጭኙ አውጥቷታል።»

ያች ምስኪን ጭቃ ከማቡካት በቀር ምን ታውቃለች? ግን የሸክላ ሠሪን ስም መጥራት ቀላል ነው፤ ዘመድ የላትም፣ ደም የሚመልስላት የለም። የታከለ ልጅ ሞላ ምሳር ይዞ ከፊት ቆሟል። አባቱ ከአጥሩ ተደግፎ መሬት መሬት ያያል።

ቢያድግልኝ ከፈረሱ ዘሎ ወርዶ ገባ። ሽመሉ ሲነሣ ሲወርድ አየሁ። አንድ ሁለቱን ጣላቸው፤ ሽመሉ ተሰበረ፤ በቡጢ ቀጠለ። አንዱ ጥርሱን ተፋ፣ ሌላው ክንዱን ይዞ ተንበረከከ። ግን ገበያ ሙሉ ሰው በቡጢ አይመለስም። ከበቡት፣ በድንጋይ ጀርባውን አሉት፣ ካባው ተቀዶ ወደቀ። ድንቄን ከአጥሩ ወዲያ ወዳለው ገደል መጎተታቸውን ቀጠሉ። እኔ «ሰዎች ስለ ማርያም» እላለሁ፤ ማን ሊሰማኝ?

ያን ጊዜ ቢያድግልኝ እንደምንም ሮጦ ድንቄ ላይ በቁመቱ ተጋደመባትና እጁን አነሣ።

«አውጫጭኙ ይፍረስ» አለ። «ገዳዩ እኔ ነኝ።»

ጩኸቱ ቆመ። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ገዳዩ በገዛ አፉ ካመነ አውጫጭኝ ይፈርሳል፣ የታጎረው ይለቀቃል፣ የተጠረጠረው ነጻ ይወጣል።

«የአንጓችን ሥጋ በብልቃጥ አስሬ የወሰድሁ እኔ ነኝ» አለ እየተነሣ። «አንጓችን የገደልሁ እኔ ነኝ። ሌሎቹንም እኔ ነኝ። ይችን ሴት ፍቷት። ደም የሚፈልግ እዚህ ቆሜአለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳይወዱ «ፍቷት» አሉ። ጠፍሩ ተፈታ። ድንቄ በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች በሰዎቹ እግር መሃል ወጣች። ሞላ ምሳሩን ያነሣው ወዲያው ነው። ቢያድግልኝ አልሸሸም። ራሱን ሊከፍለው የመጣውን ምሳር በግራ ክንዱ ተቀበለው። አጥንቱ ሲሰበር የተሰማው ድምፅ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ነው። እጁ ከአንጓው በታች መሬት ላይ ወደቀ። ሞላ ሁለተኛ ሊሰነዝር ሲል አባቱ ታከለ ከኋላ አነቀው።

በቀበቶዬ ክንዱን ጠፍንጌ አሰርሁት። ደሙ ፊቴን፣ ደረቴን፣ የብልቃጡን ሳጥን አጥቦታል። እኔ የማለቅሰው በፍርሃት ይሁን በንዴት አላውቅም። እሱ ፊቱ አመድ መስሎ «ድንቄ ሄደች?» አለኝ። ሄዳለች ስለው ዓይኑ ተገለበጠ።

ሞተ ብዬ ነበር። አልሞተም። ፖሊስ ክሊኒኩ ድረስ መጥቶ ማን እንደቆረጠው ሲጠይቀው «እንጨት ስፈልጥ አመለጠኝ» አለ። ፖሊሱ ተቆጥቶ ሄደ። አባ ጠርሙስ መጥቶ አልጋው አጠገብ ተቀመጠና አንገቱን ደፋ። ወሬው ተሰምቶ እንጅባራ ቁራጭ መላክ አቁሟል፣ ጥሊሊም አቁሟል። በጎ አድራጊዎቹ ደም የሚፈስበትን ሥራ እንደማይደግፉ፣ ጣቢያዎቹ እንደገና ካልተባበሩ ርዳታው እንደሚቋረጥ ነገረን። አውጫጭኝ የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፉ አልሰማሁትም።

እኔ ቢያድግልኝን ለመንሁት። «ሐሰት መሆኑን ለሰዉ ንገር። ታከለ ቢሰማህ ያምናል። ገዳይ ነኝ እንዳልህ ከኖርህ ሞላ አንድ ቀን ይጨርስሃል።»

«ሐሰት ነው ካልሁ ወደ ድንቄ ይመለሳሉ» አለኝ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። ሽማግሌ ጥራልኝ።»

በአገሩ ደንብ ገዳይ ለእርቅ ሲሄድ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ወገቡን በገመድ ታጥቆ ነው። ቄሶች መስቀል ይዘው ከፊት ሄዱ። የቁስሉ ጨርቅ ገና ደም ያዝላል። ድንጋዩን በአንድ እጁ ብቻ ስለያዘ እየተንሸራተተ አንገቱን ላጠው፤ ላግዝህ ብለው በዓይኑ ገላመጠኝ። ታከለ ደጅ ደርሶ በግንባሩ ተደፋ። የሟች ወገኖች እንደ ደንቡ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። አንዲት አክስት ወጥታ ራሱን በእርግጫ መታችው፤ አንዷ አፈር በተነችበት። እሱ አልተንቀሳቀሰም።

«ገድያለሁ። ማሩኝ» አለ። «ስለ እግዚአብሔር ማሩኝ። ልጃችሁን በልቻለሁ።»

ለይምሰል የሚናገር መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከልቡ ነበር የሚያለቅሰው፤ እንባው ከአፈሩ ጋር ጭቃ ሆኖ ጢሙ ላይ ወርዷል። የየሻረግ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰም።

ታከለ ዞረ፣ ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ በገዛ እጁ አወረደውና «ይማርህ» አለው። ለካሳ ዳማ ፈረሱ ቀረበ፤ ቢያድግልኝ ሌላ ሀብት አልነበረውም። ታከለ ልጓሙን ተቀበለና ወደ እኔ ዞረ።

«ፈረሱን ተቀብያለሁ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አሁን የእኔ ነው። የእኔን ደግሞ ለፈቀድሁት እሰጣለሁ። ለዚያ ለነቀርሳው ሥራ ይሁን፤ ሳጥኑን ይሸከም። ይህ ሰው ምሕረት አግኝቷል። ከእንግዲህ በልጄ ደም ሌላ ሰው የሚነካ ከእኔ ጋር ነው የሚጋጠመው።»

ሞላ አንገቱን ደፋ። እንግዲህ የዚያ ሥራ ርዳታ ከባሕር ማዶ ብቻ መጣ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዛሬም እቆጣለሁ። ከአዲስ ቅዳም አንድ ፈረስ ተሰጥቷል፤ የተሰጠውም ከደም ካሳ ነው። ያ ፈረስ ሳጥን ጭኖ ሲታይ ጥሊሊ እንደገና በር ከፈተ፣ እንጅባራም ተከተለ። በጎ አድራጊዎቹም እጃቸውን አልሰበሰቡም። ድንቄ ወደ ዳንግላ ተሻግራ ጋን መሥራቷን ቀጠለች።

የእርቁ ዕለት ሁለታችን በእግር ተመለስን። ፈረሱን እኔ እስባለሁ፤ የሰው ንብረት ነው ብሎ አልቀመጥም አለ። ክንዱን በነጠላ አንግቶ ከጎኔ ይራመዳል። መንገድ ላይ ሆዴ አልችል ብሎ ጠየቅሁት።

«ቢያድግልኝ፣ ባልገደልኸው ሰው እንዲያ ማልቀስህ ምንድር ነው?»

ፈረሱ ቆሞ ሣር እስኪነጭ ጠበቀ።

«ታከለ ዕድለኛ ነው» አለኝ። «ማረኝ የሚለው ሰው አገኘ። የሻረግን የገደለ ግን እስካሁን ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ አልመጣም።»